ማጋለጥን ሸሽተን አልነበር የመጣነው?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይልቁንም ቀኝ እጃችሁን አንሥታችሁ፣ ምላችሁ ዜግነት የወሰዳችሁ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ወረቀት የሌለውን ልመክር አልተነሣሁም። እሱን የሚመክረውም የሚያስፈራራውም ሞልቷል። የምገሥጸው ራሴንና እናንተን ነው፤ ሰማያዊው ፓስፖርት ኪሳችን ከገባ ወዲህ ምላሳችን ከፍቷልና፤ ወገናችንን «ለኢሚግሬሽን እጠቁምሃለሁ» እስከ ማለት ደርሰናል።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። በ2025 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ኦገስት 11 ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ በከተማዋ የወንጀል አስቸኳይ ሁኔታ አውጀው ፖሊሷን ለ30 ቀን በእጃቸው ሲያስገቡ መንገድ ላይ ነበርኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ማታ 14ኛው ጎዳና ላይ ኬላ ተዘረጋ፤ የከተማው ፖሊስና የፌደራል ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው መኪና ያስቆማሉ። በዚያ ሰሞን በሞተር ምግብ የሚያደርሱት ስደተኛ ልጆች ከጎዳናው እየሳሱ ሄዱ። ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ላይ፣ የእኛ ምግብ ቤቶች አሉ። እዚያ ቡናችንን ይዘን ተቀምጠን ምን አልን? «ደግ አደረጉ፣ ከተማው ይጽዳ» አልን። «እኛ እንደ እነሱ አጥር ዘልለን አልመጣንም» አልን። ይህን ያለው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ።

እስቲ የገባንበትን በር እናስታውስ። ከሱዳን መጠለያ የመጣው በ1980 የስደተኞች ሕግ ገባ። ሎተሪ የደረሰው በ1990 የወጣው ሕግ ዲቪን ስለ ፈቀደ ገባ። ተማሪ ወይም ጎብኚ ሆኖ መጥቶ፣ ቪዛው ካለፈበት በኋላ አሳይለም፣ ማለት ጥገኝነት፣ የጠየቀም ከመካከላችን ጥቂት አይደለም፤ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው አንዳንዴ እሱ ነው። እነዚህን በሮች ሌሎች ተከራክረው አስከፈቱልን እንጂ እኛ አልከፈትናቸውም። ለመዝጋትም ብዙ አያስቸግሩም። በዲሴምበር 2025 በዲቪ የገባ አንድ ፖርቱጋላዊ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰው ገደለ ተብሎ ዲቪ በሙሉ እንዲቆም ታዘዘ፤ ዕጣ ደርሶት አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚጠብቀው የእኅታችን ልጅ ምን አደረገ? በዚያው ወር በ2022 ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ጊዜያዊ ከለላ፣ ቲፒኤስ የምንለው፣ እንዲያበቃ መንግሥት አስታወቀ። እነዚህ ሰዎች ስማቸውን አስመዝግበው፣ አሻራቸውን ሰጥተው፣ ግብር እየከፈሉ የሚሠሩ ነበሩ። ነግ በኔ የሚለው ቃል የት ጠፋብን?

ሀገር ድንበሯን አትጠብቅ አላልኩም። የገደለ፣ የደፈረ፣ የሰው ልጅ የሸጠ ይያዝ፣ ይፈረድበት፣ የሚባረርም ካለ ይባረር። እኔ የምናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ከተሞቹ ሕግ የምንደጋግመውን ወሬ እንኳ አጣርተን አናውቅም። «ሳንክቹዋሪ ሲቲ»፣ ማለት ፖሊሱን ለኢሚግሬሽን ሥራ የማያሰልፍ ከተማ፣ «ወንጀለኛ ይደብቃል» የሚለውን ቲክቶክ ላይ ሰምቶ በማግስቱ ለተሳፋሪው የሚያስተምር ስንት ባልደረባ አለኝ። ሰው ታስሮ ጣቢያ ሲገባ አሻራው ወደ ኤፍቢአይ ይሄዳል፣ ከዚያ ኢሚግሬሽን ያየዋል፤ ይህን ዲሲም ሆነች የሜሪላንዷ ሞንጎመሪ ካውንቲ ማስቀረት አይችሉም። ከተሞቹ የሚሉት፣ የእኛ ፖሊስ የአይስን፣ ማለት ስደተኛ የሚይዘውንና የሚያባርረውን የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ሥራ አይሠራም፣ ዳኛ ባልፈረመበት ወረቀት ሰው አስረን አናቆይላችሁም ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1997 የፌደራል መንግሥት የስቴት መኮንኖችን አስገድዶ ሊያሠራ እንደማይችል ወስኗል። ነገሩ ደግሞ ከሩኅሩኅ ሰዎች ብቻ የመጣ አይምሰላችሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፖሊስ የሰውን ወረቀት ለማጣራት ብሎ ብቻ እንዳያስቆም በ1979 መመሪያው የወጣው ዳሪል ጌትስ የፖሊስ አዛዥ ሳለ ነው፤ በኃይለኝነቱ እንጂ በርኅራኄው የሚታወቅ ሰው አልነበረም። የተዘረፈች ሴት ፖሊስ ከፈራች ሌባው ነገም እንደሚዘርፍ የፖሊስ ሰው ስለሚያውቅ ነው። ኮንግረሱም በ2000 ወንጀል ተፈጽሞባቸው ለፖሊስ የሚተባበሩ ስደተኞች ዩ ቪዛ እንዲያገኙ የፈቀደው ይህንኑ ስላወቀ ነው።

በዚያ ኦገስት ዲሲ ውስጥ የተናጋው ይህ መተማመን ነው። የፖሊስ አዛዧ ኦገስት 14 ቀን ባወጡት ትእዛዝ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ስላስቆማቸው ሰዎች ከኢሚግሬሽን ጋር መረጃ መለዋወጥ ተፈቀደ። አንድ ምሽት ቦርሳዋን የነጠቋትን ልጅ አሳፈርኩ፤ ክንዷ ደምቷል። ፖሊስ ልጥራልሽ ስላት «ይቅርብኝ ጋሼ፣ ኬዜ አላለቀም» አለችኝ። ቤቷ አደረስኳት። ሌባው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም።

የሀገሬው ሰው ልቡ እየተለወጠ ነው። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጋለፕ በ2025 ክረምት ባደረገው ጥናት ስደት ለሀገሪቱ ጥሩ ነው ያሉት 79 ከመቶ ደርሰዋል፤ ከአንድ ዓመት በፊት 64 ነበሩ። ቺካጎ ውስጥ፣ ኋላም ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ነዋሪዎች ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አይስ ሲመጣ ለማያውቁት ጎረቤታቸው ማስጠንቀቂያ ሲነፉ ሰነበቱ። በጃንዋሪ 2026 ሚኒያፖሊስ ላይ በፌደራል መኮንኖች ጥይት የሞቱት ሁለቱ ሰዎች አሜሪካዊ ዜጎች ነበሩ። ቋንቋውን የማይችሉትን ጎረቤት ብለው በረዶ ላይ ወጡ። እኛስ በአንድ ቋንቋ የምናወራውን ምን እያደረግነው ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በመካከላችን «ለኢሚግሬሽን እጠቁምሃለሁ» የሚል ዛቻ አለ። ሁላችሁም ሰምታችሁታል፤ አንዳንዳችሁ ብላችሁታል። ፖለቲካ ተከራክሮ የተሸነፈው ይለዋል። የሌላ ብሔር ሰው ስሙን ስላልወደደው፣ ሰልፍ ላይ የያዘውን ባንዲራ ስላልወደደው፣ ፎቶውን አንሥቶ «የዚህን ሰው ኬዝ የሚያውቅ» ብሎ ይለጥፋል። ምድር ቤቱን ያከራየ ሰው ኪራይ ሲጨምር ይለዋል። ባል ሚስቱን ይላታል። ወንጀለኛን ለሕግ ማቅረብ እንዳይመስላችሁ፤ የሚጠቁመው ሰው የተጠቆመውን ጥፋት ቢጠየቅ አንድም አይቆጥርም። ያጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስኮርፎታል።

እናንተ ከእኔ የምትበልጡ፣ በ1977 እና በ1978 አዲስ አበባ የነበራችሁ፣ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡ ተሰብስቦ «አጋልጥ» ሲባል ምን እንደነበር ንገሯቸው። ስንቱ በግል ቂም፣ በመሬት ጠብ፣ በሴት ነገር እንደተጋለጠና ጠዋት ጎዳና ላይ ተዘርግቶ እንደተገኘ ንገሯቸው። አይስ ቀይ ሽብር ነው አላልኩም፤ አይደለም፣ ሁለቱን ማመሳሰል በሞቱት ላይ መቀለድ ነው። ጠቋሚው ግን ያው ነው። ከመንግሥቱ ይልቅ የጎረቤቱን አፍ ፈርቶ በሌሊት በመተማ በኩል የወጣ ሰው ልጅ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ የጎረቤቱን አድራሻ በስልክ ሲነግር ማየት፣ ይህንን ለማየት ባልኖርኩ ያሰኛል።

ለዛቻው ሕግ እንዳለው ደግሞ ስሙኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰውን በሕገ ወጥነት ትኖራለህ ብዬ እጠቁማለሁ እያሉ አስፈራርቶ ገንዘብ ወይም ጥቅም መውሰድ በወንጀል ሕጉ በግልጽ የተጻፈ፣ ፌሎኒ የሚባለው ከባድ ወንጀል ነው። ሜሪላንድም እንዲሁ፤ በዚህ ዛቻ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጉልበት የወሰደም ይጠየቃል። የሠራተኛ ደመወዝ ሕግም ሠራተኛው ወረቀት አለው የለውም አይልም፤ የሠራበት ይከፈለዋል። ዜጋ ነኝ ብሎ የሚዝት ሰው፣ ወረቀት የሌለው ያልሠራውን ወንጀል የሠራው እሱ ራሱ ነው።

ወሬ የምትነዙም አላችሁ። ከሌላ ከተማ የተቀረጸ ቪዲዮ አምጥቶ «አይስ አሌክሳንድሪያ ገበያው ውስጥ ገብቷል» ብሎ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ እርዳታ አይደለም። እናትየው ልጇን ክሊኒክ ሳትወስድ ትቀራለች። ያያችሁትን ተናገሩ፣ ያላያችሁትን ተዉት።

ስለ ድምፃችንም ሳልናገር አላልፍም። በፌብሩዋሪ 2025 የቨርጂኒያው አገረ ገዢ ያንግኪን የስቴቱ ፖሊስ ከአይስ ጋር አብሮ እንዲሠራ አዘዙ፣ የየአካባቢውንም ገፋፉ። በኖቬምበር ምርጫ ተደረገ። ተተኪያቸው ስፓንበርገር በጃንዋሪ 2026 ሥልጣን በያዙበት ቀን ያንን ትእዛዝ ሻሩት። ስንቶቻችን በዚያ ኖቬምበር ተሰለፍን? ለዕድር ስብሰባ ካልተገኘ የሚቀጣው ሕዝብ የካውንቲው ካውንስል ስለ ፖሊሱ ሲወያይ አንድም ሰው አይልክም። አንድ ጊዜ እኔ ሄጄ ነበር። አዳራሹ በኤል ሳልቫዶርና በጓቲማላ እናቶች ተሞልቶ፣ አስተርጓሚ ይዘው እየተነሡ ሲናገሩ ዋሉ። ከእኛ ወገን ብቻዬን ነበርኩ፣ እኔም አልተናገርኩም።

ያልተናገርኩበት ሌላም ቀን አለ፤ እሱን ተናግሬ ልጨርስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማዘወትረው ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ እንጀራ የምትጋግር ልጅ ነበረች። አሳይለሟ ገና ነው፣ የሥራ ፈቃዷም አልመጣም። ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ ትውላለች። አንድ ማታ የተከማቸውን ደመወዟን ስትጠይቅ ባለቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እኛ ሁላችን እየሰማን፣ «ሂጂ ክሰሺኝ፤ እኔ አንድ ስልክ ብደውል የት እንደምትገኚ ታውቂያለሽ» አላት። ሽሮው እየቀረበልን ነበር። በላን። ከፈልን፣ ለአስተናጋጇ ጉርሻ ጨመርን፣ ወጣን። በሳምንቱ ልጅቷ አልነበረችም፤ ወደ ሚኒሶታ ሄደች አሉ።

ባለቤቱ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊቴ ትቆማለህ። አራት ወር ነው ያልከፈልካት። ስልኳን የሚያውቁ ሰዎች አሁንም አሉ፤ ከፈለግህ እኔ ፈልጌ አመጣልሃለሁ። ያን ማታ አብረውኝ የነበሩት ሦስት ሰዎችም ያስታውሳሉ፤ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ካስፈለገ ቆመው ለመመስከር ተስማምተዋል።