ስፖርቱ «ታሪካዊ» ሲል ሰዓት ይዞ ነው

«ታሪካዊ» የማይባል ነገር ጠፋ። ጨዋታው ታሪካዊ፣ ኮንሰርቱ ታሪካዊ፣ ስምምነቱ ታሪካዊ። እዚህ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ አንድ የብርድ ልብስ ሱቅ «ታሪካዊ ቅናሽ» የሚል ባነር ሰቅሏል። በነጋዴው አልፈርድም። ከዜና ነው የሰማው።

ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ስፖርት ጋዜጠኞች ላይ ነው። ኳስ መረብ በነካ ቁጥር «ታሪክ ተሠራ!» እያሉ ይጮኻሉ ተብለው ይታማሉ። ይጮኻሉ፣ እውነት ነው። እኔ ግን ከስፖርቱ፣ ከኪነ ጥበቡና ከቢዝነሱ ዘገባ ቃሉ የሚገባው ለስፖርቱ ነው ባይ ነኝ። እዚያ ሰዓት አለ። ዋሽቶ ማምለጥ የለም።

አበበ ቢቂላን ውሰዱ። የተወለደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ መንዲዳ አጠገብ ጃቶ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ያን ጊዜ ከዚያ የፈጠነ ሰው አልነበረም። የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ። የሮጠበት መንገድ ደግሞ ያኔ ሮም ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት በኩል ያልፍ ነበር። ይህን ሁሉ ስጽፍ «ታሪካዊ» አላልኩም። አላስፈለገም።

ትዕግስት አሰፋም መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2:11:53 ስትገባ የቀድሞውን የሴቶች ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለች። በዓመቱ ሌላ ሯጭ ቺካጎ ላይ ሰበረችው። የስፖርት ዘገባው ያንንም አልደበቀም።

በኪነ ጥበቡ ቃሉ ከዝግጅቱ ቀድሞ ይመጣል። ኮንሰርቱ ገና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፣ ትኬቱ ተሸጦ አላለቀም፣ ፖስተሩ ግን «ታሪካዊ ምሽት» ይላል። ዜናውም ፖስተሩን ይገለብጣል። ይሄ ብዙም አያናድደኝም። ማስታወቂያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

የሚያናድደኝ ቢዝነሱ ነው። «ባንኩ በታሪኩ ከፍተኛውን ትርፍ አስመዘገበ» የሚል ርዕስ ያልሰማችሁበት ዓመት አለ? ትርፉ የሚቆጠረው በብር ነው። ብሩስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋ ሲንር በብር የሚቆጠር ነገር ሁሉ ያብጣል። የጤፍ ነጋዴውም ሽያጭ «በታሪኩ ከፍተኛ» ነው፤ የሸጠው ግን ያንኑ ኩንታል ነው። የሩጫውን ርቀት በየዓመቱ እያሳጠሩ «ክብረ ወሰን ተሰበረ» እንደ ማለት ነው። ከሁሉም ይልቅ ቁጥር እጁ ላይ ያለው ዘጋቢ፣ ቁጥሩን ትቶ ቅጽሉን ይዞ ይመጣል።

ስምምነት ሲፈረምማ አይጣል ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ «ታሪካዊ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1841 የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበር። የዛሬ ዘጋቢ አንኮበር ቢኖር ምን ብሎ እንደሚያወራው መገመት አይከብድም። ሃሪስ በ1843 ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ከውሉም ይሄ ነው የሚባል ንግድ አልመጣም። ታሪክ ሆኖ ቀረ ማለት ይሄ ነው።

ቃሉ ለቢዝነስ ጭራሽ አይገባም እያልኩ አይደለም። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ፣ ማለትም አክሲዮንና መሰል ሰነዶች የሚገበያዩበት ገበያ፣ በይፋ ሲከፈት ትልቅ ነገር ነበር። በንጉሡ ጊዜ የነበረው የአክሲዮን ግብይት ደርግ ሲመጣ ቆሟል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የነገረኝ ዘጋቢ ቢኖር፣ «ታሪካዊ»ውን እኔው ራሴ እጨምርለት ነበር።

ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ የባንኮቹ ሪፖርት መምጣት ይጀምራል። መግለጫው ላይ አንድ ዘጋቢ እጁን አውጥቶ «በዶላር ሲሰላስ ከአምናው ይበልጣል?» ብሎ ቢጠይቅልኝ ደስ ይለኛል።