ጣሪያው የኔ፣ ሒሳቡም የኔ

ፍሎሪዳ ውስጥ ቤት የገዙ ሁለት አበሾች ሲገናኙ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው የኢንሹራንስ ወሬ ነው። «ስንት አስገቡብህ?» «ተወኝ እባክህ!»

የኔን ልንገራችሁ። በ2024 ሚልተን የተባለው አውሎ ነፋስ የጣሪያዬን ሺንግል ገሽልጦ ሄደ። ማስጠገኛው 5,000 ዶላር ተባልኩ። ደግነቱ ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ደወልኩ። ልጅቷ በትሕትና «የአውሎ ነፋስ ዲዳክቲብልዎ 2 ከመቶ ነው» አለችኝ። ኩባንያው መክፈል ሳይጀምር ከኪሴ የማወጣው ማለት ነው። ከጉዳቱ መስሎኝ ነበር። ለካ ቤቱ ከተገባለት ዋስትና ነው! የኔ 300,000 ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን 6,000 የምችለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰባራ ሳንቲም የለም። «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ደግሞ ትለኛለች። ምን ረዳሽኝና!

አገር ቤት ኢንሹራንስ ሲባል ትዝ የሚለን የመኪና ሦስተኛ ወገን ነው። ቤትማ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ይጫንበታል፣ አለቀ። አንዴ የእናቴን ቆርቆሮ ንፋስ ጎረቤት ግቢ ሲጥለው፣ ባለግቢው ራሱ ተሸክሞ መጣ፤ መሰላል ላይ የወጣውም እሱ ነው። የናቴ ዲዳክቲብል አንድ ጀበና ቡና ነበር። እርግጥ የዚህ አገር ቤት በደቦ አይጠገንም፣ አውቃለሁ።

በዲሴምበር 2022 የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች የቤት ኢንሹራንስ ሕጉን ለውጠዋል። ምክንያት ነበራቸው። ጣሪያ ሠሪዎች በር እያንኳኩ «እዚህ ጋ ፈርም፣ አዲስ ጣሪያ በነፃ» ይሉ ነበር። የፈረመ ሰው ካሳ የመጠየቅ መብቱን አስረከባቸው ማለት ነው፤ እነሱ ደግሞ ጠበቃ ይዘው ኩባንያውን ፍርድ ቤት ያቆሙታል። ከ2023 ወዲህ በሚገባ ውል ይህ ቀርቷል። እሰየው!

ግን አብሮ የሄደ ነገር አለ። ድሮ ደንበኛው ከረታ የጠበቃውን ሒሳብ የሚከፍለው ኩባንያው ነበር። አሁን ከራስ ኪስ ነው። ለ4,000 ዶላር ካሳ ማን ጠበቃ ይቀጥራል? ጉዳት ማሳወቂያው ጊዜም ከሁለት ዓመት ወደ አንድ ዓመት ወርዷል፤ ጣሪያችሁን ቶሎ አሳዩ። ሲቲዝንስ ወደተባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ እሸሻለሁ ብትሉም፣ የግል ኩባንያ ከሲቲዝንስ እስከ 20 ከመቶ ብቻ አስበልጦ ዋጋ ከጠራላችሁ፣ በሩ ዝግ ነው።

ሕጉ ገበያውን ያረጋጋል፣ ታገሡ ተባልን። ታገሥኩ። የዘንድሮው ማደሻ ደብዳቤ መጣ፤ አረቦኑ ጨምሯል። ከግርጌው ደግሞ የታደሰውን ጣሪያ ፎቶ ላክ ይላል። በገዛ ገንዘቤ ያሳደስኩትን!