ሦስተኛዋ እግር ምን ትሰራለች???

ኧረ ሰዎች አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሦስት እግር ያለው ማብሪያ ማጥፊያ የሚሸጥ ሰው ሦስተኛዋ እግር ምን እንደምትሰራ አንድ ቃል ቢተነፍስ ምን ይጎድልበታል? ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ጣቴ ቆስሎ ስልክ እንኳን በግራ እጄ ነው የምነካው፣ ስለዚህ ፊደል ከሳትኩ ይቅርታ።

የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። ለሳይንስ ፕሮጀክት አዲሱን የአባይ ድልድይ በካርቶን ሰራች፣ 380 ሜትሩን አሳጥራ አሳጥራ ጠረጴዛ አሳከለችው፣ ከምሰሶዎቹ ላይ የሚወርዱትን ገመዶች በነጭ ክር ወጠረቻቸው፣ ኧረግ እንዴት እንደሚያምር! እንደ እውነተኛው ማታ ማታ ይብራ አለች። "ጋሼ አንተ ሽቦ መነካካት ትወድ የለ፣ መብራቱን አንተ ስራልኝ" አለችኝ። እኔም ምን ችግር አለው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። መጽሐፏ ላይ ያለው ስዕል እኮ ሦስት ነገር ብቻ ነው፣ ባትሪ፣ ማብሪያ፣ አምፖል። ማብሪያዋ እንደ ተገረበበ በር ናት፣ ሁለት ጫፍ አላት፣ ሲዘጋ ይበራል ሲከፈት ይጠፋል፣ አለቀ። እንዲህ አይነት ማብሪያ ግን ባህር ዳር ውስጥ አጣሁ! ከገበያው ጀምሬ ጊዮርጊስ ድረስ ፀሐይ እየጠበሰኝ ዞርኩ፣ ያገኘሁት ትንሿን ወዲህ ወዲያ የምትንሸራተት ባለ ሦስት እግር ብቻ ነው። "ይቺ ሦስተኛዋ ምንድናት?" አልኩት ባለሱቁን። "ወንድሜ እሷ ያው ናት" አለኝ። ያው ናት ማለት ምን ማለት ነው በሞቴ?

ባትሪውማ ሌላ ጉድ ነው። እኛ ልጅ ሆነን ባትሪ ማለት የእጅ መብራቱ ነበር፣ ውስጡ የሚገባው ድንጋይ ነው የሚባለው፣ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን ወይ በጥርስ እንነክሰዋለን፣ ሬዲዮው ትንሽ ይተነፍሳል ከዚያ ይሞታል፣ ማንም ማንንም አይዋሽም። አሁን ያቺን 18650 የሚሏትን ሊቲየም ገዛሁ (ስሟ መጠኗ ነው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት)። ልባሷ ላይ 9900 ሚሊ አምፒር አወር (የምትይዘው መጠን መሆኑ ነው) ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። 9900! በዚህ መጠን ጥሩ ናት የምትባለዋ ራሷ ከ3500 ብዙም አታልፍም። አንስቼ ስመዝናት እንደ ባዶ ቀለህ ቀለለችኝ፣ ደህናዋ እኮ 45 ግራም ገደማ ትመዝናለች። መልሼ ወሰድኩለትና "ወንድሜ ሁሉም እንደዛ ነው የሚጻፍበት" አለኝ፣ ሳያፍር። መጨረሻ ላይ ላፕቶፕ ከሚጠግን ልጅ ዘንድ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣች አንዲት ለመንኩ፣ በቴስተር ስለካት 4.1 ቮልት፣ ደህና ናት። ምነው እሷንም ውሸታም ባደረጋት ኖሮ... እመጣበታለሁ።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ። ይሄን እንኳን ብሶት ብዬ አላወራውም፣ ለምደነዋል፣ የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ውሃውን የሚጠጣው ከዚሁ ከኛ ሐይቅ ነው፣ እኛ ደግሞ ዳሩ ላይ ተቀምጠን በስልክ መብራት ካርቶን እንቀጥላለን፣ በቃ። ትንንሾቹን የኤልኢዲ መብራቶች ደረደርኩ፣ ስምንት ነጭ ለመንገዱ፣ አራት ቀይ ለምሰሶዎቹ ጫፍ፣ ሁሉንም ፓራለል፣ ጎን ለጎን። እሞክረዋለሁ ቀዩ ቦግ አለ፣ ነጩ ድርግም! ነጮቹን ቀየርኩ፣ ገለበጥኩ፣ ሰደብኩ፣ ምንም። ግማሽ ሰዓት ከለፋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት አካባቢ ይበቃዋል፣ ነጩ 3 ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ለአስራ ሁለቱም አንድ ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን ገታ የሚያደርገው) ነበር የሰጠኋቸው፣ ስለዚህ ቀዩ ቮልቱን እሱ ጋ ጎትቶ ያወርደውና ነጩ ጦሙን ያድራል። ለእያንዳንዱ የራሱን ሬዚስተር መስጠት ነበረብኝ። ባትሪዋ ስትሞላ 4.2 ናት፣ 3 ሲቀነስ 1.2፣ ለ0.02 አምፒር ሲካፈል 60 ኦም፣ እጄ ላይ ያለው 68 ነው፣ ይበቃል። ለቀዮቹ ደግሞ ከ100 በላይ። በስልክ መብራት ሬዚስተር ላይ ያለውን የቀለም መስመር ማንበብ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል፣ ቡኒው ከቀዩ፣ ቀዩ ከብርቱካኑ አይለይም፣ አንዱን በአንዱ ፋንታ ስንቴ በየድኩ መሰላችሁ።

እሺ እሱም አለቀ። ቀረች ማብሪያዋ። አሁን እዚህ ጋ ጥፋቴን አልደብቅም፣ ግን ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም!! አምና ለባጃጅ መብራት አንድ ማብሪያ ገጥሜ ነበር፣ ሲጫኑት ራሱ ውስጡ ቀይ የሚበራው አይነት፣ እሱም ሦስት እግር ነው፣ የሱ ሦስተኛ እግር ኔጌቲቭ ይፈልጋል፣ ለገዛ ራሱ ለትንሿ አምፖል። ስለዚህ ምን አልኩ፣ ሦስተኛ እግር ማለት ኔጌቲቭ ነው አልኩ። የባትሪዋን ፖዘቲቭ መሀል ላይ፣ ኤልኢዲዎቹን አንዱ ጫፍ ላይ፣ ኔጌቲቩን ሌላኛው ጫፍ ላይ አሰርኩ፣ በስታኞ አጠበቅኩ፣ ኮራሁ።

ልጅቷ ገፋችው፣ በራ! ጨለማ ቤት ውስጥ ድልድዩ ወለል ብሎ ሲታይ እማዬ እልል አለች፣ እኔ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። "በይ አጥፊውና እንደገና አብሪው ልቅረጽሽ" አልኳት። አጠፋችው። መብራቱ ጠፋ። ከዚያ ጭስ።

ስታበራው አይደለም እኮ የተቃጠለው፣ ስታጠፋው ነው! የመብራት ጌጥ ሲጠፋ የሚነድበት ሀገር ላይ ደረስን። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ልባሳቸው እንደ ማስቲካ ተዘረገፈ፣ የባትሪዋ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ታጠፈ፣ እኔ ጀግናው በባዶ እጄ ልነቅላት ስል ጣቴ ጢስስ አለ። እማዬ "ይሄ ልጅ ቤቴን ሊያነድልኝ ነው!" እያለች ጀሪካን ስታነሳ እኔ በወጥ ማማሰያ ባትሪዋን ፈንቅዬ ግቢው አፈር ላይ ወረወርኳት። ያቺ ውሸታም 9900 ብትሆን ኖሮ ምናልባት ከሦስት ሰከንድ በኋላ ደክማ ትተወን ነበር፣ ይቺ ግን እውነተኛ ናት፣ ያላትን ሁሉ ሰጠችን።

ነገሩ ሌሊት ነው የገባኝ፣ ጣቴን ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ሳስብ። ያቺ ማብሪያ፣ ማጥፊያ የሚባል ቦታ የላትም። መሀለኛዋ እግር የጋራ ናት፣ ወደ ግራ ሲገፏት ከግራዋ ጫፍ፣ ወደ ቀኝ ሲገፏት ከቀኟ ጫፍ ጋር ትገናኛለች፣ ሁለቱም ማብራት ነው። ፎቅ ቤት ደረጃ ላይ ከታች አብርተው ከላይ የሚያጠፉት መብራት የሚሰራው በዚህ አይነት ሁለት ማብሪያ ነው። ለኛ ድልድይ ሦስተኛዋን ባዶ መተው ብቻ ነበር፣ ባዶ! እኔ ግን ኔጌቲቭ ሰጥቻት ስታጠፋ ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ ፊት ለፊት አጋጠምኳቸው። እና ሁለቱ ማብሪያዎች አንዱ ሦስተኛ እግሩ ኔጌቲቭ ካላገኘ የራሱ መብራት አይበራም፣ ሌላው ኔጌቲቭ ካገኘ ቤት ያቃጥላል፣ ላያቸው ላይ ግን አንዲት ፊደል የለችም። "ያው ናት" ብሎ ነው የሚሸጥልህ!

አርብ ጠዋት ማስረከቢያ ነበር። ሱቅ አልተከፈተም፣ ማብሪያዋ ቀልጣ ከካርቶኑ ጋር ተጣብቃለች። ልጅቷ ምንም ሳታለቅስ (እኔ ነበርኩ ማልቀስ የቃጣኝ) ሦስት የሬዲዮ ድንጋይ በሲሪየስ፣ አንዱን ከአንዱ አስከትላ፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልላ አሰረች፣ 4.5 ቮልት መሆኑ ነው፣ ሁለት ራቁት የሽቦ ጫፍ ከድልድዩ ስር አወጣች፣ ሲጠመዘዙ ይበራል ሲላቀቁ ይጠፋል። ይዛው ሄደች።

ከ20 18 አመጣች። የሁለቱን ማርክ ምክንያት መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈውበታል፣ "ማብሪያ ማጥፊያ የለውም"።

እባካችሁ ባህር ዳር ውስጥ ባለ ሁለት እግር ማብሪያ ያየ ካለ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አባይ ማዶም ቢሆን እመጣለሁ፣ ዋጋውን አልከራከርም።