እርማት፦ ሥራ አጥነት ቀነሰ ማለት ደመወዝ በቃ ማለት አይደለም

ወዳጄ፣ «ሥራ አጥነት ከቀነሰ ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ ምን ያከራክራል?» ብለሃል። ፖለቲከኞችም ይሉታል፤ ግን ስህተት ነው። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ የሥራ አጥነት ጥናቱ በሚጠይቅበት ሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ በክፍያ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ሥራ አጥ የሚባለው ምንም ያልሠራ፣ ሥራ እየፈለገ ያለና ለመጀመርም ዝግጁ የሆነ ነው። ተስፋ ቆርጦ ፍለጋውን ያቆመ ሰው ከሥራ አጦች ቁጥር ይወጣል። ሥራ ሳይገኝ ቁጥሩ ይወርዳል! ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

መምህሩንም አስበው። ደመወዙ ከወር ወር አላደርስ ብሎት ማታ ማታ ሌላ ሥራ ቢጨምር፣ ቁጥሩ ላይ ምንም አይታይም። ቀድሞም «ሥራ ያለው» ተብሎ ተመዝግቧል። የእሱን ችግር ማየት ከፈለግን ደመወዙን ከዋጋ ንረት ጋር እናስተያየው።