ጥቀርሻን ዳገት አያቃጥለውም

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ ስለ መኪና ጭስ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የጭስ ማጣሪያ ነገር ተነሣ። እሳቸውም «የእኛ መኪኖች ሐረጎን ሲወጡ ሞተራቸው ይግላል፤ ጥቀርሻውን ዳገቱ ራሱ ያቃጥለዋል» አሉ። ተጨበጨበላቸው።

እኔ ያደግኩት እዚያው፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት መንገድ ዳር ነው። ከኮምቦልቻ ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ ሐረጎ ላይ ማርሽ ሲቀንስ ምን እንደሚተፋ አውቃለሁ። እናቴ ጠዋት አጥባ ያሰጣችው ነጠላ ማታ የሚነሣው ግራጫ ሆኖ ነበር። ዳገቱ ካቃጠለው ነጠላውን ማን አጠቆረው?

የናፍጣ ጥቀርሻ ያለ አጋዥ ለመቃጠል ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። የናፍጣ መኪና ጭስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ነው። ዳገት ላይ ይጨምራል፣ እሺ። ግን ጭሱ ቱቦው ውስጥ የሚቆየው ለቅጽበት ነው። የሚይዘው ማጣሪያ ከሌለ ጥቀርሻው የት ቆሞ ይቃጠላል? ደግሞ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሹፌሩ ነዳጁን ሲረግጠው አየሩ ካነሰ ጥቀርሻው ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ቁልቁለቱ ላይስ? እግሩን ሲያነሣ ጭሱ ይቀዘቅዛል። ያኔ ምኑ ሊያቃጥለው ነው?

የሚያቃጥለው ካታሊስት ነው፤ ራሱ ሳያልቅ ቃጠሎውን በአነስተኛ ሙቀት የሚያስጀምር አጋዥ ማለት ነው። ማጣሪያው ጥቀርሻውን ይይዛል፣ የተቀባበት ካታሊስት ደግሞ ያቃጥለዋል። አንዱ ካታሊስት ሴሪየም ከሚባል ብረት የሚሠራው ሴሪየም ኦክሳይድ ነው። ሴሪየም ኦክሳይድ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ለጥቀርሻው ይሰጣል። የሰጠውን ደግሞ በጭሱ ውስጥ ከተረፈው ኦክስጅን ይተካል። እየሰጠ እየተካ ይኖራል፣ እሱ ግን አያልቅም። ማንጋኒዝ ወይም መዳብ ሲጨመርበት፣ ከጥቀርሻው ጋር በደንብ ከተነካካ፣ ከ400 ዲግሪ በታች ማቃጠል ይጀምራል። ይሄ የላብራቶሪ ወሬ ብቻ አይደለም። ፔዦ ሴሪየምን ከናፍጣው ጋር እየቀላቀለ ማጣሪያ የተገጠመለት መኪና ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

«ይሄ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚሉም ነበሩ። ለካታሊስት የሚውለው ፕላቲነም ውድ ነው፣ ልክ ነው። ሴሪየም ግን መሬት ውስጥ ከመዳብ የማይተናነስ መጠን አለው። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ካታሊስቱን እንደሚጎዳ አልክድም። ታዲያ ንጹሕ ናፍጣ እንጠይቃለን እንጂ ጭሱን ስንጠጣ እንኖራለን?

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሐረጎ ላይ ግን ልጆች ዛሬም አፋቸውን በሹራብ እጅጌ ሸፍነው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ኃላፊው አንድ ጠዋት ከመኪናቸው ይውረዱና ከነዚያ ልጆች ጋር፣ ከአይሱዙ ኋላ ኋላ፣ ዳገቱን በእግራቸው ይውጡት። ነጭ መሐረብም ይያዙ።