ሐሳባችን ለምን ማኪያቶ ላይ ብቻ ይወጣል?

ድሮ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የሆነ ነገር ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ሳምንታዊ ስብሰባ። ግዥ ክፍል የምትሠራ፣ ከተቀጠረች ስድስት ወር ያልሞላት ልጅ እጇን አወጣች። የጨረታ ሰነዱ ላይ ያለው የዕቃ ብዛት ከመጋዘን ከመጣው ጥያቄ ጋር አይገጥምም አለች። ኃላፊያችን ቀና እንኳ ሳይል "ስንት ነው ልዩነቱ?" አላት። ልጅቷ ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ግን ጠፋባት። ወረቀቷን አገላበጠች። የእስክሪብቶዋን ክዳን ትነቅላለች፣ ትከታለች። "አንቺ ደግሞ መቼ መጣሽና ነው? መጀመሪያ ሥራውን ልመጂ" አላት። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ማንም ትንፍሽ አላለም።

ወጥተን ማኪያቶ ልንጠጣ ስንቀመጥ ሁሉም አፍ አወጣ። "ልክ ነሽ እኮ" አላት አንዱ። ሌላው "እኔም አይቼው ነበር" አለ። እሷም ስኒውን ገና ሳታነሳ ቁጥሩ መጣላት። 240። ስሕተቱ በይፋ የታወቀው ግን ዕቃው መጥቶ ሲራገፍ ነው።

ያኔ "ፈርታ ነው" ብዬ አልፌዋለሁ። በኋላ ስለ አንጎል ማንበብ ስጀምር ነው ነገሩ የከነከነኝ። ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ የሚባል ከግንባራችን ጀርባ ያለ የአንጎል ክፍል አለ። ቁጥር ይዘን የምናሰላው፣ ሐሳብ ከሐሳብ የምናገናኘው፣ ስሜታችንን የምንገራው በእሱ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ኤሚ አርንስተን ለብዙ ዓመት ያጠናችው ይህንን ክፍል ነው። ሰው ከቁጥጥሩ ውጭ የሆነ ጭንቀት ሲገጥመው፣ ቀላል ጭንቀት እንኳ ቢሆን፣ ኖርኤፒንፍሪንና ዶፓሚን የሚባሉት ኬሚካሎች ከልክ በላይ ይለቀቁና ይህ ክፍል ወዲያው ይዳከማል። እኛ "ቀልቧ ተገፈፈ" የምንለው ነገር እውነትም አንጎል ውስጥ የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ ያ ኃላፊ ልጅቷን ብቻ አላሳፈረም። የቀጠረውን ጭንቅላት በገዛ እጁ ዘጋው። ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያ ጭንቅላት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ የአንጎል ሳይንስ የሚል ስም የለጠፈ ሥልጠና ሁሉ የሚታመን አይደለም። ሠራተኛውን "የግራ አንጎል ሰው"፣ "የቀኝ አንጎል ሰው" ብሎ ከፋፍሎ ቡድን አደራጃለሁ የሚል አሠልጣኝ ከመጣባችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከ1,000 በላይ ሰዎች የአንጎል ምስል አይተው እንደዚያ ያለ የሰው ዓይነት አላገኙም። ደግሞ ቡድን ማለት አንጎል ብቻ አይደለም። አንጎሉን ያጠኑት የሚነግሩንን ቡድኖችን ካጠኑት ጋር አብረን ማየት አለብን።

ቡድኖችን ያጠኑት ደግሞ ያገኙት የሚገርም ነው። ተመራማሪዋ አኒታ ዉሊና ባልደረቦቿ በ2010 ባወጡት ጥናት 699 ሰዎችን በትንንሽ ቡድን ከፋፍለው የተለያየ ሥራ አሠሯቸው። የቡድኑን ውጤት በደንብ የገለጸው የጎበዙ አባል ጉብዝና አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ የማያወራበት፣ ተራ የሚዳረስበት፣ አባላቱም የሌላውን ስሜት ከዓይኑ ማንበብ የሚችሉበት ቡድን ነው የበለጠው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ያሉ ቡድኖችን ስታጠና፣ ጥሩ የሚግባቡት ቡድኖች የመድኃኒት ስሕተታቸው ትንሽ ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። የተመዘገበው ግን እነሱ ጋ በዛ። ኋላ ላይ እንደተረዳችው፣ የበዛው የሚናገሩት ስሕተት ነው። ሌሎቹ ይደብቃሉ።

ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት የቴኔሪፍን የአውሮፕላን አደጋ ማስታወስ ይበቃል። ማርች 27 ቀን 1977፣ በካናሪ ደሴቶች፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጩ። 583 ሰው አለቀ። ጭጋግ ነበር፣ የሬዲዮው ንግግርም ተደበላልቆ ነበር። ኬኤልኤም የተባለው የሆላንድ አየር መንገድ ካፒቴን ለመነሳት ሲንደረደር የበረራ መሐንዲሱ "ያኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ገና አልወጣም እንዴ?" የሚል ጥያቄ አነሳ። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ወጥቷል አለ። ይህ ካፒቴን በዚያ አየር መንገድ የተከበረ ከፍተኛ አሠልጣኝ ነው። መሐንዲሱም ረዳት አብራሪውም ከዚያ በላይ አልገፉም። ቀጥሎ የሆነው በሰከንዶች ውስጥ ነው። የአቪዬሽኑ ዓለም ከዚህና ከሌሎች አደጋዎች ተምሮ ነው አብራሪን መብረር ብቻ ሳይሆን መናገርንና መስማትንም ማሠልጠን የጀመረው። ረዳቱ "ካፒቴን፣ ይሄ ነገር አላማረኝም" እንዲል ይሠለጥናል፤ ካፒቴኑ ደግሞ ቆም ብሎ እንዲሰማ።

የእኛ ቢሮ አውሮፕላን አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ግን ስንት ፕሮጀክት፣ ስንት በጀት፣ ስንት ሕንፃ አንድ ሰው አይቶት ዝም ባለው ነገር ተበላሽቷል? ያደግነው "ዝም አይነቅዝም" እየተባልን ነው። "ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ" እየተባልን ነው። ቤት ውስጥ ታላቅ ሲናገር ታናሽ አያቋርጥም፤ ያ ልጅ ሲቀጠር ቢሮም ይዞት ይመጣል። ይሉኝታው፣ መሽኮርመሙ፣ "እኔ ምን አገባኝ" ማለቱ ሁሉ አብሮት ይመጣል። እኔ ታላቅን ማክበር ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም። "እርስዎ" ብሎ ስሕተትን መንገር ይቻላል። አክብሮት ሌላ፣ ፍርሃት ሌላ።

ደግሞ ይሄ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ1770 እና 1771 ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ የቤተ መንግሥቱ ምክር እንዴት እንደሚካሄድ ጽፏል። ሐሳብ መስጠት የሚጀመረው በማዕረግ ከሁሉ ዝቅ ካለው ነው። ወደ ላይ እየወጣ ይሄድና ንጉሡ መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም በቃል አቀባዩ በኩል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ የታችኛው ምን ሊል ይችላል? ይህን ስርዓት ነገሥታቱ ከቻሉት የአንድ መምሪያ ኃላፊ እንዴት ያቅተዋል?

አሁን አምስት ሰዎች ይዤ ነው የምሠራው። ስብሰባ ስንቀመጥ መጀመሪያ ለሦስት ደቂቃ ሁሉም ሐሳቡን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ካለን ሰው ሁሉ ቅርብ ጊዜ የገባው ይጀምራል። እኔ መጨረሻ ነኝ። በጣም ይከብዳል፤ ምላስን መያዝ ሥራ ነው። መጥፎ ዜና ይዞ የመጣ ሰው ከአፌ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል "እንኳን ነገርከኝ" እንዲሆን ራሴን እያስለመድኩ ነው። አንዳንድ ቀን ፊቴ ቀድሞ ይከዳኛል፣ ያኔ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አየዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ሰዉን መልሶ ማናገር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ያቺ ልጅ ዓመት ሳይሞላት ለቀቀች። ያን ሰኞ ወደ ስብሰባው ስንገባ ደረጃው ላይ ልዩነቱን ለእኔ ነግራኝ ነበር። ወረቀቷን ስታገላብጥ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። "240 ነው" ማለት እችል ነበር።