ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ባለ አምስት ብር ኖት

ክቡርነትዎ፣

ፕላስተሩ እንዴት ይዞልዎታል? ማክሰኞ ጠዋት እዚህ ደሴ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በባጃጅ ስንሄድ፣ ከአንድ አሥር ብር ጋር ደርቤ ለሹፌሩ ባቀረብኩዎ ጊዜ የደረሰብንን አይረሱትም። በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ ብርሃን አነሣዎ፤ ቡና ለቃሚው ከወገቡ በታች ጎድሎ፣ በጀርባዎ ያለው አጋዘንም በፕላስተሩ ሥር ደብዝዞ ቢያገኘው «ይሄ አይሠራም አባቴ፣ ይቀይሩልኝ» አለ። የቀረኝ ሁለት መቶ ብር ነበር። «ዝርዝር የለኝም» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ያን ጊዜ ከጎኔ የተቀመጠች የስድስተኛ ክፍል ተማሪ «ጋሼ፣ እኔ ልክፈልልዎት» ብላ አምስት ባለ አንድ ብር ሳንቲሞች ቆጥራ ሰጠችው፤ እሱም አንበሳውንም ሚዛኑንም ሳይመረምር ኪሱ ከተታቸው። እኔ ከነከረባቴ የልጅ ዕዳ ሆንኩ። በዋዜማው ማታ ጨለማን ተገን አድርጎ እርስዎን «መልስ» ብሎ ያስጨበጠኝ ይኸው ሹፌር ነበር!

ባንክም ወስጄዎት ነበር፤ አንድ ሰዓት ተሰልፈን በአንድ ቃል ተመለስን።

ባለ አንድ ብር ወንድምዎ በ2002 ዓ.ም. ሳንቲም ሆኖ ሲገላገል፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. አሥሩ፣ ሃምሳውና መቶው አዲስ ልብስ ሲለብሱ፣ ሁለት መቶም ሲወለድ፣ እርስዎ ወደፊት ወደ ሳንቲም እንደሚለወጡ ተነግሮ በአሮጌው ካባዎ ቀሩ። አነስተኛ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አብዝቶ ስለሚዞር ወረቀቱ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ብረቱ ግን ሲሠራ ቢወደድም ለብዙ ዓመት እንደሚያገለግል ለማወቅ የባንክ ገዥ መሆን አያስፈልግም፤ በሰኞ ገበያ ቲማቲም በረጠበ እጅ የምትቆጥርዎትን እናት መጠየቅ ይበቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ መዘግየቱ ነው። ስሙኒና ሽልንግ የሚገዙት ነገር አጥተው መሳቢያ ውስጥ ቀሩ፤ አንተም ብረት እስክትሆን ድረስ ዋጋህ አልቆ፣ ሳንቲምህ ለአንድ ማስቲካ እንኳ ሳይበቃ ሊወጣ ነው እኮ! ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ «አንተ» ያልኩት በንዴት ነው።

እስከዚያው ድረስ፣ ዛሬ ማታ መብራት ሲጠፋ ጠብቄ፣ በሁለት ጤነኛ አሥር ብሮች መካከል ሸሽጌ በሌላ ባጃጅ ልሸኝዎ አስቤአለሁና እባክዎ ድምፅ አያሰሙ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ተሳፋሪ